ሰንጢው ወይ ይንኳኳል ወይ አይገባም፦ ልኩን የጠበቀ የቀበቶ አፎት ፍለጋ፣ በ26 መልስ

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ጥያቄ ያቀረበ ሰው ነው፤ ጠያቂው ኦፒኔል ቁጥር 8 አለው። እጀታው እንጨት የሆነ፣ አንገቱ ላይ በሚዞር የብረት ቀለበት የሚቆለፍ፣ ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፈረንሳይ ሰንጢ ነው። ታጥፎ 11 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ለ11 ሳንቲ ሜትር ተብሎ የሚሸጥ የቆዳ አፎት ገዛ፤ ሰንጢው ውስጡ ይዞራል፣ ሲራመዱም ይንኳኳል። ሁለተኛ ደግሞ የናይሎን ገዛ፤ ቁመቱ ልክ ነው፣ ክዳኑ ግን ተስቦ ተስቦ ቬልክሮው ላይ አይደርስም። ጥያቄው ሦስት ነው፤ ሻጭ ዘንድ ሲሄድ ምን ልኬት ይዞ መሄድ አለበት፣ ማሰፋት ይሻላል ወይ፣ ከተሰፋስ ለሰፊው ምን ምን ይነገረዋል።

መልሶቹ እርስ በርስ ስለሚጠቃቀሱ ቁጥራቸውን ይዤ እሄዳለሁ። የተደጋገመውን አሳጥሬዋለሁ።

መልስ 1 የጀመረው በትሕትና ነው፣ ጠያቂውን እርስዎ እያለ። የሰንጢ አፎት በቁመት አይመረጥም፤ ቁመት የሚወስነው ጥልቀቱን ብቻ ነው፣ አጥብቆ የሚይዘው ዙሪያው ነው ይላል። ለዚህም አንድ ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ወረቀት ቆርጦ በእጀታው ሆድ ላይ አንድ ዙር መጠምጠም፣ ጫፉ የገጠመበትን በእስክሪብቶ ማመልከት፣ ከዚያ ዘርግቶ በማስመሪያ ማንበብ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ለዚህ አይሆንም፤ በጠባብ ዙሪያ ላይ ስለሚጣመም 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ያሳስታል። በአፎት ጉዳይ ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር በልክና በሰፊ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ነው።

መልስ 2 ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ። የዚህ ሰንጢ እጀታ ቀጥ ያለ ዱላ ስላልሆነ አንድ ቦታ ለክቶ መተው አያዋጣም። ቀለበቱ ጋ፣ ሆዱ ላይና ጭራው ጋ ሦስት ወረቀት መጠምጠም ያስፈልጋል። የሆዱ ልኬት የአፎቱን አፍ ይወስናል፣ ምክንያቱም ሲገባም ሲወጣም በዚያ ማለፍ አለበት። የቀለበቱ ልኬት ታችኛውን ጫፍ ይወስናል። ብዙ ገበያ ላይ ያለ አፎት ከላይ እስከ ታች አንድ ስፋት ያለው ቱቦ በመሆኑ አፉ ልክ ሆኖ ታቹ ሲሰፋ ሰንጢው እንደ ደወል ምላስ ይወዛወዛል። የጠያቂው መንኳኳት ከዚህ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነው። ሰንጢው የሚገባው በቀለበቱ በኩል፣ ሰፋ ያለው ጭራ ወደ ላይ ሆኖ ነው፤ ተገልብጦ ከገባ መያዣ የለውም።

መልስ 3 አንድ መስመር ናት፤ አምራቹ ራሱ አፎት ይሸጣል፣ እሱን ግዛና ተገላገል።

መልስ 4 ያቺን አንድ መስመር አላለፋትም። የአምራች አፎት ጥሩ የሚሆነው ለዚያው ቁጥር ብቻ ሲሠራ ነው። ሱቅ ውስጥ ለቁጥር 7፣ 8 እና 9 ተብሎ በአንድነት የሚቀርብ አለ። ስለቶቹ 8፣ 8.5 እና 9 ሳንቲ ሜትር ስለሆኑ ለዓይን ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ እጀታው ግን ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይረዝማል ብቻ ሳይሆን ይወፍራልም። ለሦስቱ የሚሆን አፎት የተሰፋው ለትልቁ ነው፤ ቁጥር 8ን የሚይዘው ክዳኑ እንጂ ቆዳው አይደለም። ክዳን ደግሞ ይከፈታል። ሻጭን መጠየቅ ያለበት ሰው ለየትኛው ነጠላ ሞዴል ተሠራ ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ ለብዙ ይሆናል ከሆነ ትቶ ይሂድ።

መልስ 5 ወደ ስዊዞቹ ሰንጢ ወሰደን። ቪክቶሪኖክስ 91 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ሁሉ ርዝመታቸው አንድ ነው፤ ስፓርታን የተባለው ሞዴል ሁለት የመሣሪያ ድርብርብ ያለው 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲሆን ስዊስቻምፕ ስምንት ድርብርብ ሆኖ 33 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በርዝመት የገዛ ሰው ለሁለቱም አንድ አፎት ይሰጠዋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ኩባንያው አፎቱን በርዝመትና በድርብርብ ብዛት የሚለየው፣ ከሁለት እስከ አራት፣ ከአምስት እስከ ስምንት እያለ። የመልስ 1 ነገር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም። ለኦፒኔል መስፋት የማይፈልግ ሰው ደግሞ በጎኑ ላስቲክ ያለው የእጅ ባትሪ ማኅደር ይሞክር ይላል፤ የሰንጢው እጀታ ክብነት ያለው ስለሆነ 18650 በሚባል አንድ ክብ ባትሪ ለሚሠሩ መብራቶች የሚሰፋው ናይሎን ብዙ ጊዜ ይስማማዋል። ላስቲኩ ግን ዕድሜ አለው፤ ሲላላ የሚጠገን አይደለም።

መልስ 6 ስለ ክብደት ነው። ባክ 110 የተባለው የአሜሪካ ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲወጣ ከቀበቶ አፎት ጋር መሸጡ ያለ ምክንያት አይደለም። የነሐስ ጫፎች ያሉት፣ ታጥፎ 12 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ የሆነ፣ 200 ግራም የሚያልፍ ዕቃ ኪስ ያወርዳል። ኦፒኔል 8 ግን 50 ግራም አይሞላም። ስለዚህ ለባክ ወፍራም ቆዳና ጠንካራ የብረት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ለኦፒኔል ያንን ማልበስ አህያን በፈረስ ኮርቻ መጫን ነው። ቀላል ሰንጢ በቆዳው ጥብቀት ብቻ ያለ ክዳን ይያዛል፣ ጭራው ሁለት ሳንቲ ሜትር ወጥቶ።

መልስ 7 ላይ ውይይቱ ሞቀ። ሙሉ የአሠራር ቅደም ተከተል ነው፤ በኔ ግምት ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ሰፋ አደርገዋለሁ።

ቆዳው በዕፅ የለፋ፣ ማለትም ከዛፍ ቅርፊት በሚወጣ ማልፊያ የተዘጋጀ፣ የከብት ቆዳ መሆን አለበት፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከጀርባ ወይም ከትከሻ የተቆረጠ። የሆድ ቆዳ ርካሽ ነው፤ ግን ይለጠጣል፣ በወር ውስጥ ልኩ ይጠፋል። ከ2 ሚሊ ሜትር የሳሳ ቅርጽ አይዝም። ከ3.5 የወፈረ ደግሞ በእንዲህ ያለ ቀጭን እጀታ ላይ ሲታጠፍ መታጠፊያው ይሰነጠቃል።

ስሌቱን በምሳሌ ያስቀምጠዋል። የወረቀቱ ዙሪያ 76 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ቆዳ ራሱ ውፍረት ስላለው ሲጠመጠም ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል፤ የውፍረቱን ሦስት እጥፍ ጨምር፣ 2.5 በ3 ሲባዛ 7.5፣ 8 በለው። ከዚያ በሁለቱም ጠርዝ ለስፌት 8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 16። ድምሩ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ይሆናል። ከስምንቱ ሚሊ ሜትር አራቱ ከስፌቱ ውጭ ያለው ጠርዝ ነው፤ ሌላው አራት ቆዳው ከእጀታው ወጥቶ ወደ ስፌቱ ለመታጠፍ የሚፈልገው ቦታ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሰዎች ይረሱትና አፎቱ ሰንጢውን አላስገባ ይላል። ለቁመቱ 110 ላይ 20 ቀንሶ ለጭራው፣ ከታች ደግሞ 18 ጨምሮ 108 ሚሊ ሜትር።

መጀመሪያ የሚሰፋው የቀበቶ ማለፊያው ነው። ይህን ሁለት ጊዜ ደግሞታል። ጎኑ ከተሰፋ በኋላ ውስጡ እጅም መርፌም አይገባም፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው ስፌቱን ፈትቶ እንደገና የሚጀምረው።

ከዚያ ቆዳው ለሁለት ይታጠፋል፣ የስፌት ጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፣ ማስቲሽ ይቀባል። ማስቲሹ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ እርጥብ ሳለ የተጣበቀ ጠርዝ በወስፌ ሲወጋ ይንሸራተታል። ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ መስመር ይሰመራል፣ በየ4 ሚሊ ሜትሩ ይበሳል። ጎኑና ታቹ አንድ ላይ 160 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 40 ቀዳዳ ነው። ወስፌው ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ካጋደለ ከፊት ያማረው መስመር ከኋላ እንደ እባብ ይሄዳል።

ስፌቱ በሁለት መርፌ ነው፣ አንድ ክር ከሁለቱም ጫፍ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱም እየተላለፉ። በመኪና የተሰፋ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ይተረተራል፤ በሁለት መርፌ የተሰፋ ግን አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ይይዛል። የክሩ ርዝመት የስፌቱ አራት እጥፍ፣ ለእጅ መያዣ ትንሽ ተጨምሮ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ክሩ ሰፈፍ ይቀባ፤ የሱቅ ሻማ ግን ቆይቶ ስለሚፈረፈር አይሆንም። መጨረሻ ላይ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሶ መስፋት፣ ከዚያ መቁረጥ።

አሁን ቅርጽ ማስያዝ። አፎቱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አረፋ መውጣቱ እስኪቆም ይነከራል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ። ሰንጢው ዘይት ተቀብቶ በፌስታል ሁለት ዙር ይጠቀለላል፤ የዕፁ ልፋት ከብረት ጋር በእርጥበት ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ያወጣል፣ ቆዳውንም ስለቱንም ያበላሻል። ሰንጢው ገብቶ በአውራ ጣትና በማንኪያ ጀርባ ዙሪያውን መጫን ነው፣ በተለይ ከስፌቱ አጠገብ። ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይቶ ቅርጹ ሲይዝ ሰንጢውን ማውጣት፣ አፎቱን ጥላ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን መተው። ምድጃ አጠገብ የደረቀ ቆዳ እንደ ብስኩት ይሰበራል።

ፈተናው ቀላል ነው፤ ገልብጦ ሦስት ጊዜ መነቅነቅ። ከወደቀ ሰፊ ነው። ካልወደቀና በሁለት ጣት ከወጣ ልክ ነው። አዲስ ሲሆን ትንሽ ማስቸገሩ ጥሩ ምልክት ነው፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ይላላልና። ሰፊ ከሆነ ከመጣሉ በፊት ከመጀመሪያው ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ሁለተኛ መስመር መስፋት ያድነዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ቆዳው ነው። መልስ 8 በዕፅ የለፋ ቆዳ ከየት ይመጣል ሲል ጠየቀ፤ የኛ ፋብሪካዎች አብዛኛውን የሚያለፉት በክሮም፣ ማለትም በኬሚካል ጨው ነው። መልስ 9 ጫማ ሰፊ ዘንድ ሂድ አለው። የሶል ቆዳ በዕፅ የለፋ ነው፤ የውጩ ሶል 4 እና 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይወፍራል፣ የውስጥ ሶል የሚቆረጥበት ግን 2 ወይም 2.5 ነው። ከተራረፈው አንድ መዳፍ የሚያህል ይበቃል። ወስፌውም ሰሙም እዚያው አለ፤ ብዙ ጫማ ሰፊ ወረቀት ላይ የተሣለ ልክ ከተሰጠው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይሰፋዋል።

መልስ 10 መለያ ሊያስተምር ፈልጎ ቁራጩን በክብሪት አቃጥለህ አመዱ አረንጓዴ ከሆነ ክሮም ነው አለ። መልስ 11 እዚህ ላይ ተቆጣ፤ እርስዎ የሚባለውም ከዚህ ቁጥር ጀምሮ ቀረ። ክሮም የለፋ ቆዳ ሲቃጠል ወደ መርዛማው የክሮም ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር አይደለም ይላል። ያለ እሳት የሚለይበት መንገድ አለ፤ ጠርዙን በምላጭ መቁረጥና መሐሉን ማየት፣ ሰማያዊ ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው፣ ቡናማ ወይም ገለባ የመሰለ ከሆነ ዕፅ። ቀለም ጠልቆ የገባበት ከሆነ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ማድረግ፤ በዕፅ የለፋና ገና ያልተቀባ ቆዳ ወዲያው ይጠጣና ይጠቁራል። በጣት ጥፍር ሲጫኑትም ምልክቱ ይቀራል፤ ክሮሙ ተመልሶ ይነፋል። ቁጣው በዝቷል፤ የተናገረው ግን ልክ ነው።

መልስ 12 የደጋ በጋችን ቆዳ በዓለም የታወቀ ሆኖ ሳለ ለምን አልተጠቀሰም የሚል ቅሬታ ነው። መታወቁ እውነት ነው፣ የሚታወቀው ግን ለጓንት ነው፤ ስስና ልስልስ መሆኑ እዚያ ክብሩ፣ እዚህ ጉድለቱ ነው። ለአፎት ሽፋን ውስጠኛው በኩል መለጠፍ ይቻላል፤ አንድ ሚሊ ሜትር የሳሳ ሽፋን ከኋላ ግድግዳ ላይ ማጣበቅ የላላ አፎትን ያጠብቃል።

መልስ 13 ቅርጽ ለማስያዝ የፈላ ውሃ ይፈጥናል አለ። መልስ 14 ሊያምን አልቻለም። በዕፅ የለፋ ቆዳ ከ70 ዲግሪ አንስቶ መኮማተር ይጀምራል፤ በፈላ ውሃ ውስጥ የገባ አፎት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ጠንክሮና ጠቦ ይወጣል፣ ሰንጢ ቀርቶ እስክሪብቶ አይገባበትም። ድሮ የጦር ልብስ ለማጠንከር ያደርጉት ነበር፤ ያ ግን መኮማተሩ ተሰልቶ ነው። መልስ 15 ቅቤ ቀባው የሚል ምክር ይዞ መጣ፤ ቆዳ በቅቤ ሲለሰልስ አድጎ ያየ ሰው ይመስላል። መልስ 16 ቅቤ ለቁርበት ነው ብሎ ዘጋው። አፎት መለስለስ የለበትም፤ ቅርጹን የያዘው ድርቀቱ ነው፣ ስብ ሲጠጣ ይላላል፣ በዚያ ላይ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። ሰፈፍ አሙቆ በስሱ ከውጭ መቀባት ወይም ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት ይበቃል። እኔም ከመልስ 16 ጋር ነኝ፣ አይጡን ጨምሮ።

መልስ 17 እስካሁን የተባለው ሁሉ የሙዚየም ሥራ ነው የሚል ነው። ካይዴክስ የሚባለው ፕላስቲክ 1.5 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ተገዝቶ፣ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ተሞቆ፣ በሁለት ወፍራም ስፖንጅ መካከል ሰንጢው ላይ ተጨምቆ በአምስት ደቂቃ ይቀዘቅዛል። አይላላም፣ ውሃ አይጠጣም፣ ሲገባ ቀጭ ይላል።

መልስ 18 አንድ ነጥብ ብቻ መለሰ፣ ነጥቡ ግን ገዳይ ነው። ካይዴክስ የማይለጠጥ ስለሆነ የሚስማማው መጠኑ ለማይለወጥ እጀታ ነው። የኦፒኔል እጀታ እንጨት ነው፤ በክረምት እርጥበት ያብጣል። ስለቱ ራሱ እጀታው ውስጥ ተጣብቆ አልከፈት እስከማለት የሚደርሰው በዚያ ነው። በበጋ ልክ የሆነ ካይዴክስ በሐምሌ አይለቅም። በዚያ ላይ አሸዋ ከገባ ፕላስቲኩ አይውጠውም፤ እንጨቱን በገባ በወጣ ቁጥር ይጭረዋል።

መልስ 19፣ ያው የ17 ጸሐፊ ነው፣ ተመልሶ መጣ፤ የብረትና የፕላስቲክ እጀታ ላላቸው ሰንጢዎች ነው ያልኩት አለ። እንደዚያ አላለም። ከ17 ላይ ቆጥሬ አይቼዋለሁ፣ እጀታ የሚል ቃል የለበትም። ግን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገሩ ጠቃሚ ነው፤ ካይዴክስም ይሁን ቆዳ ከታች 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይኑረው፣ ውሃና ትቢያ መውጫ ካጣ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ውይይቱ መንገድ ሳተ። መልስ 20 ቃሉን ያዘ፤ አፎት ማለት ስለት የሚገባበት ነው፣ የሰይፍ፣ የጎራዴ፣ የጊሌ። የሰንጢ ስለት የሚገባው እጀታው ውስጥ ስለሆነ አፎቱ እጀታው ነው፤ ቀበቶ ላይ ያለው ሌላ ስም ይፈለግለት። ሰገባም ቢሆን ያው ነው። መልስ 21 ስሙ አለ፣ ማኅደር ነው አለ። የብራና መጽሐፍ ማኅደር ለዚያ አንድ መጽሐፍ ተለክቶ ይሰፋል፣ ከልኩ ያለፈ መጽሐፍ አይገባበትም፣ ያነሰ ደግሞ ጠርዙ እየተመታ ይፈርሳል፤ ማንገቻውም እንደ ቀበቶ ማለፊያው ከጎኑ በፊት ይታሰባል። ስለ ቃል የተነሣው ክርክር ስለ ልክ ከተባለው ሁሉ ያላነሰ ነገር ይዞ መጣ። እኔ ግን አፎት ማለቴን አልተውኩም፤ ገበያ ላይ ማኅደር ብዬ ብጠይቅ የሚሰጡኝ የስልክ ነው።

መልስ 22 ከለንደን ነው። እንግሊዝ አገር ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መዞር የሚፈቀደው ስለቱ እስከ 3 ኢንች፣ 7.62 ሳንቲ ሜትር የሆነና የማይቆለፍ ታጣፊ ብቻ ነው። ኦፒኔል 8 በሁለቱም ይወድቃል፣ ይረዝማል፣ ይቆለፋልም። ቀበቶ ላይ ሰቅሎ አውቶቡስ መሳፈር አይመከርም። መልስ 23 ጀርመን ውስጥ ያሉትን አስቦ አስተካከለ፤ እዚያ ከተራ ታጣፊዎች ይዞ መዞር የተከለከለው በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ነው፣ ኦፒኔል ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ማሻሻያ ግን በሕዝብ በዓላትና በረጅም ርቀት መጓጓዣ ላይ ቢላዋን በጥቅሉ ከልክሏል። እዚህ ላይ ሦስት አራት ሰው ሕግ መጨቃጨቅ ጀምሮ ነበር፤ አስተናባሪው ቆረጠው።

መልስ 24 ወደ ቀበቶው መለሰን፣ ደግ አደረገ። ማለፊያው ከቀበቶው ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ፤ ለ35 ሚሊ ሜትር ቀበቶ 38። 50 ሆኖ ከተሰፋ አፎቱ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን ራሱ ይወዛወዛል፣ ሰው ግን ሰንጢውን ይከሳል። የማለፊያው ቁራጭ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ታጥፎ የሚሰፋበት ታችኛው ጫፍ 20 ሚሊ ሜትር ይኑረው፣ ስፌቱም አንድ መስመር ሳይሆን ዙሪያውን አራት ማዕዘን ይሁን፤ ሁሉ ጉተታ እዚያ ላይ ነውና። መኪና ለሚነዳ ሰው ደግሞ በኛ አገር መሪው በግራ ስለሆነ የደኅንነት ቀበቶው መቆለፊያ የሚገኘው በቀኝ ዳሌ በኩል ነው፤ አፎቱ በግራ ሆኖ በቀኝ እጅ ተሻግሮ ይመዘዝ። ስለ መከፈት ለሠጉት ደግሞ፣ የኦፒኔል ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1955 ሲፈጠር የሚቆልፈው የተከፈተውን ብቻ ነበር፤ ከ2000 ወዲህ የተሠሩት ታጥፎም ይቆለፋል። ከዚያ በፊት የተሠራ ያለው ሰው ስለቱ ብቅ የሚልበት ጎን የታጠፈው የቆዳ ግድግዳ ላይ ተጭኖ እንዲገባ ያድርግ፤ ግድግዳው ራሱ ይይዘዋል።

መልስ 25 ጠያቂው ነው። ለክቷል፤ ቀለበቱ ጋና ጭራው ጋ ያነሰ፣ ሆዱ ላይ እንደ ምሳሌው 76። ቆዳው 2.5 ነው። የውፍረቱን ሁለት እጥፍ ማለትም 5፣ ለስፌት 16 ጨምሮ 97 ሚሊ ሜትር አግኝቷል፤ ሊቆርጥ ነው።

መልስ 26 የመልስ 7 ጸሐፊ ነው፣ ከተለጠፈ በሃያ ደቂቃ ውስጥ። ምላጩን አስቀምጥ ይለዋል። ሁለት እጥፍ የሚሠራው ፊትና ኋላው ተለያይተው እንደ ሳንድዊች ለሚገጠሙ ጠፍጣፋ ነገሮች ነው፤ የሚጠመጠም ሲሆን ሦስት ነው። በረጠበ ጊዜ ቆዳው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሰጣል፣ ሦስት ግን አይሰጥም። 100 ላይ ቁረጥ፣ ስፌቱን ከመበሳትህ በፊት በልብስ መቆንጠጫ አጣብቀህ ሰንጢውን አስገባ፣ የሚተርፈውን ጠርዝ ከሰፋህ በኋላ በምላጭ ላጨው። የቀበቶ ማለፊያውን ሰፍተሃል?